«ቁም!» የሚለው ማን ነው? ከአክሱም እስከ ሰባራ ድልድይ፣ የከባድ ሸክም ታሪክ ቅኝት

በመርጡለ ማርያም ገዳም ቅጥር ውስጥ፣ ዛሬ ቅዳሴ ከሚቀደስበት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ የጥንት ግድግዳዎች ቆመዋል። አበባና ሐረግ የተፈለፈለባቸውን ጥርብ ድንጋዮች ያየ እንግዳ ሁሉ «ማን ቀረጻቸው?» ይላል። «ማን አነሳቸው?» የሚል ግን ብዙ አይገኝም። ትውፊት የገዳሙን መሠረት ወደ አብርሃና አጽብሐ ይወስደዋል። በጽሑፍ የምናውቃቸው አሠሪ ንግሥት እሌኒ ናቸው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን በግራኝ አህመድ ዘመን ተቃጠለ። በአፄ ሱስንዮስ ጊዜም ኢየሱሳዊው ቄስ ብሩኖ ብሩኒ በፍራሹ ላይ እንደገና አስገነባ። የንግሥቲቱም የቄሱም ስም ተጽፏል። ድንጋዩን በትከሻው አውጥቶ ከግድግዳው ጫፍ ያስቀመጠው ሰው ስም የለውም።

ይህ መዘንጋት የመርጡለ ማርያም ብቻ አይደለም። ስለ ሕንፃ ስንጽፍ ስለ አሠሪውና ስለ ጠራቢው እንጽፋለን፤ ሸክም ስለሚነሳበት ጥበብ ግን ዝም እንላለን። ዝምታው ዛሬም ዋጋ ያስከፍለናል። ወፍጮ፣ ትራንስፎርመር፣ ጄኔሬተርና የፋብሪካ ማሽን ወደ ገጠር ከተሞቻችን በየጊዜው ይገባሉ፤ የሚወርዱበት መንገድ ግን ቅድመ አያቶቻችን ግንድ ከሚያንከባልሉበት ብዙም ያልራቀ ነው። በዚህ ቅኝት ወደ ኋላ የምንመለሰው፣ ከባድ ነገር ሲነሳ ሰው የሚሞተው ብዙ ጊዜ ጉልበት አንሶ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። መሬቱ ሳይመረመር፣ ማሰሪያው ሳይታይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ቁም!» የማለት ሥልጣን የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሲቀር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአክሱም ነው። ዛሬ ተሰባብሮ የተኛው ትልቁ ሐውልት ርዝመቱ 33 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱም 520 ቶን ያህል ይገመታል። ድንጋዩ የወጣው ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ካለው ከጎቦ ድራ ኮረብታ ነው፤ ከዚያ እስከ ሐውልቱ ሜዳ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ናቸው። በእንጨት አንከባለው፣ በገመድ ጎትተው፣ በአፈር ድልድል አዘንብለው እንዳቆሙት ተመራማሪዎች ይገምታሉ፤ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአክሱም የቆፈሩት አርኪዮሎጂስት ዴቪድ ፊሊፕሰን ሐውልቱ ሲቆም ወይም ቆሞ ብዙም ሳይቆይ እንደወደቀ ያምናሉ። ምክንያቱም ያን ሁሉ ቁመት የሚሸከመው፣ ወደ መሬት የሚገባው ሥሩ ከ3 ሜትር ያነሰ መሆኑ ነው። ሲወድቅም ነፋስ ማውጫ የሚባለውን መቃብር ከከደነው ግዙፍ ድንጋይ ላይ አርፎ ተሰባበረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ይገባል። የአክሱም ሰዎች 520 ቶን ከኮረብታ አውርደዋል፣ ሜዳ አቋርጠዋል፣ አቃንተዋል። አንሺው አላነሰም፤ የከዳቸው ከመሬት በታች ያለው ነው። የዛሬ የክሬን ባለሙያ ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የሚያየው ከእግሩ በታች ያለውን ነው። የቢቸናን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ለማስረዳት አይቸገርም፤ ያ ጥቁር ዋልካ በበጋ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ደግሞ የበሬን እግር ይውጣል። በሐምሌ በዋልካ ላይ የቆመ ክሬን እግሮቹ ሥር ሰፊና ጠንካራ ንጣፍ ካልተደረገለት፣ ሸክሙ ገና አየር ላይ እያለ አንዱ እግሩ ይሰምጣል። ከዚያ በኋላ ብቃት ያለው ኦፕሬተርም ሆነ ውድ ማሽን አያድንም።

ላሊበላ ሌላ መንገድ መረጠ። ድንጋይ አንስቶ በድንጋይ ላይ ከማኖር ይልቅ ተራራውን ወደ ታች ፈልፍሎ ቤቱን አወጣው። ይህ ዘወትር በእምነትና በኪነ ሕንፃ ዓይን ይታያል፤ እኔ ግን በሸክም ዓይን ባየው ደስ ይለኛል። ጣሪያውን ማንም አላነሳውም፤ ስለዚህ ማንም ላይ አልወደቀም። ማንሳት ሳያስፈልግ ሥራው የሚሠራበት መንገድ ካለ እርሱን መምረጥ የሙያው የመጀመሪያ ምክር ነው። የሚያስገርመው፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለመጠበቅ የተተከሉት ግዙፍ የብረት መጠለያዎች በራሳቸው ክብደት ስጋት ሆነው የአካባቢውን ካህናትና ነዋሪ ሲያነጋግሩ መኖራቸው ነው።

ሦስተኛው መንገድ ቅስት ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዓባይ ላይ የተሠሩት የድንጋይ ድልድዮች፣ ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይና በሞጣ አቅጣጫ ያለው፣ በሰው እጅ የሚነሱ ትንንሽ ድንጋዮች በኖራ ተያይዘው ወንዝ ያሻገሩባቸው ናቸው። ለአንድ ግዙፍ ድንጋይ አንድ ግዙፍ አደጋ ከመጋፈጥ፣ አደጋውን በሺህ ትንንሽ ድንጋይ ማከፋፈል ነው። ወደ ሞጣው ድልድይ ኋላ እንመለሳለን፤ ይህን ቅኝት ያስጀመረኝ ታሪኩ ነውና።

ከዚያ በፊት ግን ወደ ሮም ብቅ እንበል። እ.ኤ.አ. በ1586 ዶሜኒኮ ፎንታና የተባለ መሐንዲስ ከ300 ቶን በላይ የሚመዝነውን የግብፅ ሐውልት በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ አቆመ። 900 ያህል ሰዎች፣ ብዙ ፈረሶችና 40 ገደማ የገመድ መጠቅለያ መዘውሮች ተሰልፈው ነበር። ያ ሁሉ ሰው በጩኸት እንዳይደናገር ትእዛዝ በመለከትና በደወል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ መለከት ሲነፋ ይሳባል፣ ደወል ሲደወል ይቆማል። በሥራው መካከል የሚናገር ይሞታል የሚል ዐዋጅም ወጥቶ ነበር ይባላል። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ተረክ እንደሚለው ገመዶቹ በፍትጊያ ሲግሉ አንድ መርከበኛ ሞቱን ንቆ «ገመዱን ውኃ አጠጡት!» ብሎ ጮኸ፤ ሥራውም ዳነ። ተረኩ እውነት ይሁን አይሁን፣ የዛሬው የሙያው ሕግ ከሁለቱም ወስዷል። «አንሳ፣ አውርድ፣ አዙር» የሚለውን ምልክት የሚሰጥ አንድ ሰው ብቻ ነው። «ቁም!» ግን የማንም ነው፤ ጠራጊውም ሆነ ዘበኛው ካለ ኦፕሬተሩ ይቆማል፣ ከዚያ ይጠየቃል።

በእኛ ምድር የዚህ ተቃራኒ ሆኖ የሚታየኝ የሴባስቶፖል ጉዞ ነው። በጋፋት የአውሮፓ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች በአፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ አቅልጠው የሠሩት ይህ መድፍ 7 ቶን ያህል ይመዝናል። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መቅደላን ሲያቀኑ፣ ሴባስቶፖል በጋሪ ላይ ተጭኖ በጠፍር እየተጎተተ ተከተላቸው። መንገድ አልነበረም፤ እየተሠራ ነበር የሚሄደው። ዓለት በባሩድ ፈረሰ፣ ዳገት ተቆረጠ፣ የጂጣና የበሽሎ ገደል ወርዶ ወጣ። ለዚህ አንድ መድፍ ብቻ 500 ያህል ሰው ይመደብ እንደነበር ተጽፏል። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ፣ አፈር ይቆፍሩ ነበር። መቅደላ የደረሱት ስድስት ወር ያህል ፈጅቶባቸው ነው።

ስለ ሴባስቶፖል ሲነገር የሚነገረው የንጉሡ ፈቃድና የሠራዊቱ ጽናት ነው፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። ከባድ ሸክም ቁልቁል ሲወርድ ግን ከፊት ከሚጎትተው ይልቅ ከኋላ የሚይዘው ነው ሕይወት የሚያተርፈው። ዳገት ላይ የተበጠሰ ጠፍር ሸክሙን ወደ ኋላ፣ ቁልቁለት ላይ የተበጠሰ ጠፍር ወደ ፊት፣ ሁልጊዜ ግን ወደ ሰው ነው የሚልከው። በንጉሠ ነገሥት ፊት «ይህ ጠፍር ላልቷል፣ እንቁም» ለማለት የሚደፍር ማን ነበር? መድፉ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. አሮጌ በተባለው ስፍራ ከእንግሊዞች ጋር በተደረገው ጦርነት አልጠቀመም፤ ንጉሡ ከሦስት ቀን በኋላ ሞቱ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለው አምሳያው ነው።

ጠፍርና የቃጫ ገመድ በሌላው ዓለም ቦታ መልቀቅ የጀመሩት ከዚያ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1834 ቪልሄልም አልበርት የተባለ ጀርመናዊ የማዕድን ሹም ከሽቦ የተገመደ የብረት ገመድ በማዕድን ጉድጓድ ሥራ ላይ አዋለ። የሰንሰለት አንድ ቀለበት ሲበጠስ ሁሉም ያበቃል፤ የሽቦ ገመድ ግን ክሩ አንድ በአንድ እየተቆረጠ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያውን የሚያይ ዓይን ካለ ማለት ነው።

ወደ አክሱም ስንመለስ፣ ያየሁት ምርጥ የማንሳት ሥራ እዚያው ነው። 24 ሜትር ርዝመት፣ 160 ቶን ገደማ ክብደት ያለውን ሁለተኛውን ሐውልት የፋሺስት ጦር እ.ኤ.አ. በ1937 ዘርፎ በመርከብ ወሰደው፤ ሮም ላይ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ተተከለ። ጣሊያን በ1939 ዓ.ም. በፈረመችው የሰላም ውል እንድትመልሰው ብትገደድም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አቆየችው። በ1994 ዓ.ም. መብረቅ መታው፤ በ1996 ዓ.ም. ሦስት ቦታ ተከፍሎ ወረደ። በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. አንቶኖቭ 124 የተባለው ግዙፍ አውሮፕላን ሦስቱን ክፍሎች በሦስት በረራ አመጣ፤ ትልቁ ክፍል 60 ቶን ገደማ ነበር። አክሱም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ እንዲህ ያለ ክብደት ለማሳረፍ የማለዳው ቀዝቃዛ አየር ተመረጠ።

ድንጋዩ ከመጣ በኋላ የሆነው ነው ይበልጥ የሚያስደንቀኝ። ሕዝቡ ሐውልቱ ነገ እንዲቆም ይፈልግ ነበር። ባለሙያዎቹ ግን መጀመሪያ መሬቱን መረመሩ፤ ከሥር ቀድሞ ያልታወቁ የመቃብር ክፍሎች እንዳሉም ተረጋገጠ። የ520 ቶኑ ሐውልት ያላገኘው ጥንቃቄ ይህ ነው። አጠገቡ ያለው የኢዛና ሐውልት በንዝረት እንዳይዘም በብረት ገመድ ተደገፈ፣ እንቅስቃሴው በመሣሪያ ተለካ። ትልቅ የብረት ማማ ተሠራ፤ ክፍሎቹ በሃይድሮሊክ እየተሳቡ አንዱ በአንዱ ላይ ተቀመጡ፣ በጠንካራ ሰው ሠራሽ የጭረት ዘንጎችም ተያያዙ። ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ የሚሌኒየሙ ዓመት ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት ተመረቀ። ሦስት ዓመት ዘግይቷል ብለው ያማረሩ ነበሩ። ከመጣበት ቀን እስከ ቆመበት ቀን ያለው ጊዜ ግን የባከነ አይደለም፤ አብዛኛው የማንሳት ሥራ ገመዱ ከመወጠሩ በፊት የሚሠራ ነው።

አሁን ወደ ሞጣ። ከከተማዋ ወደ ዓባይ ሲወረድ፣ ጎጃምን ከቤጌምድር የሚያገናኘው ድልድይ በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገር መካከለኛው ቅስት ፈረሰ፤ ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆነ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት በሁለቱም በኩል የቆሙ ሰዎች ገመድ ወርውረው፣ ተሻጋሪውን ወገቡ ላይ አስረው፣ ወዲያና ወዲህ እየሳቡ በባዶው ላይ አሻገሩት። ገበያ የሚሄድ፣ ዘመድ የሚጠይቅ፣ ሐኪም የሚፈልግ፣ ሁሉም በዚያ ገመድ ላይ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ዓባይ ነው።

ይህን የሰማ ከተሜ «ኋላ ቀርነት» ይለዋል። እኔ ግን የሀገራችን የገመድ ሥራ ትምህርት ቤት ብዬዋለሁ። በአንድ በኩል የሚሰጥ፣ በሌላ በኩል የሚስብ ቡድን አለ፤ ሁለቱ ካልተናበቡ ሰው ይወድቃል። የሚያስረው ሰውም ቋጠሮው የማን ሕይወት እንደሆነ በዓይኑ ያያል። የጎደለው ድፍረትና መናበብ አይደለም፤ ሁለተኛ መያዣ ነው። ያ አንድ ገመድ ከተበጠሰ ሌላ የሚይዝ የለም።

ኬን ፍራንዝ የተባሉ አሜሪካዊ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ የዚህን መሻገሪያ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት አይተው መጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የተሰበረው ቦታ በብረት ተገጠመ። ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የተባለው፣ በብዙ አገሮች የእግረኛ ድልድይ የሚሠራ ድርጅት የተወለደው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ጎርፍ ብረቱን ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ከጎርፉ ከፍ ብሎ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ ድልድይ ተሠራ። ቀደም ሲል ሰው የሚንጠለጠልበት ገመድ ቦታውን ለቆ፣ ድልድዩ ራሱ በገመድ ተንጠለጠለ። የብረት ገመዶቹ ግን ሰው ከሚጭንባቸው ብዙ እጥፍ እንዲችሉ የተሰሉ ናቸው።

ይህ «ብዙ እጥፍ» የሚባለው ነገር ነው በየወፍጮ ቤቱ የሚጠፋው። በሙያው ሥርዓት አንድ የብረት ገመድ ማንጠልጠያ 5 ቶን ላይ የሚበጠስ ከሆነ 1 ቶን ብቻ ነው የሚጫንበት። ቀሪው ላልታሰበ መንገጫገጭ፣ ለእርጅናና ለስህተት የተቀመጠ ነው። «እስከ ዛሬ ችሎታል» ማለት ማስረጃ አይሆንም። ገመድ ላይ የተቋጠረ ቋጠሮ ብቻውን አቅሙን እስከ ግማሽ ሊቀንሰው ይችላል፤ ለዚህ ነው ማንጠልጠያ ሲያጥር በቋጠሮ የማይቀጠለው።

ሌላው የተሸሸገ ጠላት ማዕዘን ነው። 1,000 ኪሎ የሚመዝን የወፍጮ ሞተር በሁለት ገመድ ከአንድ መንጠቆ ላይ ሲንጠለጠል ብዙ ሰው እያንዳንዱ ገመድ 500 ኪሎ ይይዛል ብሎ ያስባል። ይህ የሚሆነው ሁለቱም ቀጥ ብለው ሲወርዱ ብቻ ነው። ገመዶቹ ከአግድሙ 60 ዲግሪ ላይ ሲሆኑ እያንዳንዱ 577 ኪሎ ይሸከማል፤ 45 ላይ 707፤ 30 ዲግሪ ላይ ሲዘረጉ ደግሞ እያንዳንዱ ሙሉውን 1,000 ኪሎ። ገመድ አጠረ ተብሎ መንጠቆው ወደ ሸክሙ ሲጠጋ፣ ማንም ሳያውቅ ሸክሙ በእጥፍ ጨምሯል። ሞተሩ በአንድ ወገን ስለሚከብድ የስበት ማዕከሉ መካከል ላይ አይውልም፤ መንጠቆው በዚያ ነጥብ ላይ ካልዋለ ማሽኑ ከመሬት እንደተላቀቀ ይገለበጣል። ስለዚህ ነው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ተነስቶ የሚቆመው፤ ታይቶ፣ ሚዛኑ ተረጋግጦ፣ ከዚያ ነው የሚቀጠለው። በሥሩ ማንም አይገባም፤ ሸክሙ ሲወዛወዝ የሚቆጣጠረው ሰው ከሩቅ ገመድ ይይዛል እንጂ በእጁ አይገፋውም።

በሞጣ፣ በቢቸናም ሆነ በመርጡለ ማርያም ወፍጮ ከአይሱዙ ሲወርድ ያየ ሰው ሌላ ሥዕል ያውቃል። ጫኝና አውራጆች ሁለት ግንድ ከመኪናው ጭነት ጫፍ እስከ መሬት ያጋድማሉ፤ «ሆ!» እየተባለ ማሽኑ በግንዱ ላይ ይንሸራተታል፤ አንዱ ከታች ሆኖ በትከሻው «ይይዛል»። ከታች ያለው ሰው ምንም አይይዝም፤ ማሽኑ ቢያመልጥ የሚያገኘው እርሱን ነው። ክሬን በሌለበትም ሥራው በጥንቃቄ ሊሠራ ይችላል። ጋራዦች ሞተር የሚያወጡበት ፓራንኮ በጠንካራ ሦስት እግር ላይ ከተሰቀለ፣ ከላይ ያለው ገመድ በመኪናው አካል ላይ ዞሮ ቀስ በቀስ ከተለቀቀ፣ ከታች ማንም ካልቆመ፣ ያው ማሽን ያለ ጉዳት ይወርዳል። ክሪክ ሥር ድንጋይ ሳይሆን ወፍራም ጠፍጣፋ እንጨት ማድረግ ደግሞ ምንም ወጪ አይጠይቅም።

ትልልቆቹ ሥራዎች ይህን ሥርዓት ለምደውታል ማለት ይቻላል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 13 ተርባይኖችና 5,150 ሜጋ ዋት አቅም አለው፤ እንዲህ ያሉ ክፍሎች ያለ ማንሻ ዕቅድ፣ ያለ ሰለጠነ ምልክት ሰጪ ቦታቸው አይገቡም። በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለውን ገደል የሚያቋርጥ ሎቤድም (ከባድ ማሽን የሚጭነው ዝቅ ያለ ተጎታች) በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2001 ዓ.ም. ዋዜማ አገልግሎት በጀመረው፣ 303 ሜትር በሚረዝመው የሕዳሴ ድልድይ ያልፋል። ሥርዓቱ የሚቋረጠው ከዚያ በኋላ፣ ዕቃው ከሎቤድ ወደ አይሱዙ፣ ከአይሱዙ ወደ ሰው ትከሻ ሲተላለፍ ነው።

ሕጉስ? የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 ደግሞ በአንቀጽ 13፣ ለሕይወቱ ወይም ለጤናው ከባድ አደጋ እንደቀረበ በበቂ ምክንያት ያመነ ሠራተኛ ከሥራው ቢርቅ እንዳይቀጣ ይላል። ይህ የፎንታና መርከበኛ መብት ነው፤ በሕግ የተጻፈ «ቁም!» ነው። የሚያሳዝነው ጫኝና አውራጁ በአብዛኛው የቀን ሠራተኛ መሆኑ ነው። አሠሪው ማን ነው? ወፍጮውን የገዛው? ሾፌሩ? የማኅበሩ አለቃ? ሦስቱም «እኔ አይደለሁም» ካሉ፣ አንቀጹ የሚያርፍበት ሰው የለም። ፍርዴን ልስጥ፤ ዕቃው የማን ነው ሳይሆን ሥራውን ያዘዘው ማን ነው የሚለው መሆን አለበት መልሱ፤ ይህም ማሽኑ ከመውረዱ በፊት በውል ላይ መጻፍ አለበት።

በእነብሴ ሳር ምድር፣ በእነማይና በሁለት እጁ እነሴ ያላችሁ የወፍጮ ባለቤቶችና የጫኝና አውራጅ ማኅበራት፣ ቀጣዩን ማሽን ከማውረዳችሁ በፊት ሻጩ ክብደቱን በጽሑፍ ይስጣችሁ፤ ገመዱን በቀን ብርሃን ከጫፍ እስከ ጫፍ እዩት፤ ምልክት የሚሰጠውን አንድ ሰው በስሙ ጥሩት፤ «ቁም!» ማለት ግን ለሁሉም የተፈቀደ መሆኑን ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ ተናገሩ።